ደላላ ልታጠና የሄደች ሴት የመንገድ ወሬ

ከጅግጅጋ የተመለስኩ ዕለት እናቴ በር ላይ ተቀብላ «እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ደህና ነበር» አልኳትና ጫማዬን አውልቄ እግሬን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። በቃ። የአንድ ሳምንት መንገድ በሁለት ቃል አለቀ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ የደብረ ብርሃን ሰው ሲጠየቅ «ደህና» ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ብርዱም ብዙ አያስወራም። ኤዶ ሐሊማ ቢሰሙ ግን ሻንጣዬን አስይዘው ወደ መጣሁበት ይመልሱኝ ነበር። ኤዶ ሐሊማ ማን እንደሆኑ ዓርብ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። መንገድ በተርታው ነው የሚነገረው፤ ይህንንም የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

አስተማሪ ነኝ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት መድቦ «ማኅበራዊ ሚዲያ በሰዎች ዝውውር ውስጥ ያለው ሚና ይጠና» ሲል የምሥራቁ ድርሻ ለእኔ ደረሰኝ። ባጭሩ፣ ደላሎች ልጆቻችንን በስልክ እንዴት እንደሚያማልሉ ማወቅ ነው። ወራት ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብዬ የደላሎችን ማስታወቂያ ከቲክቶክና ከቴሌግራም ስለቅም ከርሜ «የደላላ ማስታወቂያ ዘጠኝ ምልክቶች» የሚል ዝርዝር አወጣሁ። እንዴት እንደኮራሁበት አልነግራችሁም፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነበር የማሳየው።

ከመነሳቴ በፊት ደግሞ ለቃለ መጠይቅ ሰው እንዲመጣልኝ አንድ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ጅግጅጋ ያለው የጥናቱ ባልደረባዬ አብዲራህማን ወደ ሶማልኛ መልሶ በየከተማው የወጣቶች የቴሌግራም ቡድን ላይ ለቀቀው። እንዲህ ይላል፦ «ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያሰባችሁ ወጣቶች! እናናግራችሁ። የትራንስፖርት ወጪ እንሸፍናለን። የትምህርት ደረጃ አይጠየቅም። ምስጢራችሁ የተጠበቀ ነው። ቦታው ውስን ስለሆነ ፈጥናችሁ በውስጥ መስመር አግኙን።» ጨዋ ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሳን። ሾፌራችን ጋሽ ጌታቸው ጡረታቸው የተቃረበ፣ መኪናዋን «ልጄ» እያሉ የሚጠሩ ሰው ናቸው። እኔ የደብረ ብርሃን ልብሴን እንደለበስኩ ነው የወጣሁት፤ ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ። አዳማ ላይ ጋቢዬን፣ መተሐራ ላይ አንዱን ሹራብ፣ አዋሽ ላይ ሌላውን ሹራብና ካልሲዬን አወለቅሁ። ጋሽ ጌታቸው በመስታወት አዩኝና፣

«አንቺ ልጅ፣ ገና ግማሽ መንገድ እኮ አልሄድንም። ጅግጅጋ ስንደርስ ምን ሊቀርሽ ነው?» አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ጭሮ ገባን። ብርዱ አገሬን አገሬን አለኝ፤ ያወለቅሁትን ሁሉ መልሼ ለበስኩ። የሆቴሉ ክፍሌ መስኮት አይዘጋም ነበር። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ መስኮቱን በካርቶን ደፍና፣ የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችልኝ። «አንቺስ?» ስላት «እኔ ለምጄዋለሁ» አለች። እራቴ ሽሮ ነበር፤ እናቴ ከምትሠራው ቀጠን ይላል፣ ግን ትኩስ ነው።

ማክሰኞ

ሐረርን አልፈን ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዛን። ከባቢሌ ወዲያ መንገዱ ድንጋይ መሃል ይገባል፤ ቤት የሚያህል ቋጥኝ በአንዲት ጫፉ ቆሞ አይወድቅም። «ማን ደረደረው?» አልኩ። ጋሽ ጌታቸው «መንግሥት አይደለም፤ መንግሥት ቢሆን ጨረታው አያልቅም ነበር» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማውን ስናወርድ እሱም ለካ ተንፍሷል። ወይ ጉድ! አንድ ሽርጥ የለበሰ የአይሱዙ ሾፌር አየንና ቆመ። ወርዶ ጎማው ዘንድ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ድንጋይ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና በአማርኛ ጥያቄ ጀመረ። ከየት ተነሳችሁ? የት አደራችሁ? አዋሽ ውሃው እንዴት ነው? ከብቱ ሥጋ አለው? ዝናብ አያችሁ? ጋሽ ጌታቸው አንድ በአንድ ይመልሳሉ። እኔ በሆዴ «ጎማው! ጎማው!» እላለሁ። የኛ ሲያልቅ ደግሞ የራሱን መንገድ ነገረን፤ የት እንዳደረ፣ ማን ሻይ እንዳጠጣው። ከዚያ ተነስቶ መለጠፊያውን ከጋቢናው አወጣና ሁለቱንም ጎማ ጠገነልን። ስናመሰግነው እጁን በአሸዋ አሽቶ አራግፎ ሄደ።

ካራማራን ወርደን ጅግጅጋ ስንገባ ንፋስ ተቀበለን። የደብረ ብርሃን ንፋስ ይቆርጣል፤ የጅግጅጋው ይገፋል። ባጃጁ፣ ፌስታሉ፣ የሴቱ ሻሽ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ያረፍነው እትዬ ፀሐይ ቤት ነው። አያታቸው ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም ጅግጅጋ ተወልደው ጅግጅጋ የዳሩና የኳሉ፣ ፔንሲዮን ያላቸው ሴት ናቸው። ውሃ ከሰጡን በኋላ የት አደራችሁ፣ ምን በላችሁ፣ ዝናብ አለ ወይ ብለው ያንኑ ጥያቄ ጀመሩ!

«እትዬ፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ፖሊስ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ልጄ፣ እዚህ ሰው ሲገናኝ ወረን ይባባላል። ወሬህን ስጥ ማለት ነው። መንገደኛ ከሆንክ መንገድህን በተርታ ትናገራለህ። እኔም ከሶማሌ ጎረቤቶቼ ጋር አድጌ እንደነሱ ሆኛለሁ። ሰው ቤት ገብተሽ ጥያቄ እንዳትጀምሪ፤ መጀመሪያ አንቺ ስጪ።»

«እኔ እኮ ሰማንያ ሰባት ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ታፍሪያለሽ» አሉኝ። ምክር መሆኑ አልገባኝም።

ረቡዕ

ቁርሳችን ላሆህ ነበር። እንጀራ ነው፣ ግን ከሰሃን የማይበልጥ፣ ለስለስ ያለ። ስኳር ነስንሰው ሻይ እያፈሰሱበት ይበሉታል። የረቡዕ ጾም ስለነበር እትዬ ፀሐይ ቅቤውን ትተው ስኳሩን አበዙልኝ። እንጀራ በስኳር! መጀመሪያ ፊቴን አጨማደድኩ፤ ኋላ አምስት በላሁ።

አብዲራህማን መጣ። ቀጭን፣ ነገሩን ሳይጨርስ ቀድሞ የሚስቅ፣ እዚሁ ከተማ የሚያስተምር ወጣት ነው። ለመጠይቁ የያዝነው ታብሌት አልከፈት ስላለን በወረቀት አሳትመን ወጣን። ገበያው ዳር ቆሜ ወረቀቶቹን ልቆጥር ፋይሉን ከፈት ሳደርግ፣ ያ ንፋስ ሁሉንም ይዞት ሄደ። ኧረ በስመ አብ! መጠይቁ በፍየሎች መሃል፣ በጨርቅ ድንኳኖች ላይ፣ በባጃጅ ውስጥ በረረ። ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ማሳደድ ያዘ። አንዲት የኮንትሮባንድ ሳሙና ቸርቻሪ ሚዛኗን ትታ ስትሮጥ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ወረቀቴን ይመልስልኝ ነበር። አንዱ ሰውዬማ ጥያቄዎቹን በሙሉ ሞልቶ፣ «ያልገባሽ ካለ ደውይ» ብሎ ስልኩን ጽፎበት መለሰልኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ተባባሪ ተጠያቂ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ማስታወቂያው ሠርቷል! «መቼ ነው የምንነሳው?» ይላል አንዱ። «ስንት ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል?» ይላል ሌላው። «የዚህ አገር ልጆች ጨዋታ ያውቃሉ» ብዬ ሳቅሁ። ሆዳን የምትባል ልጅ «ቶጎጫሌ ነኝ፣ ተዘጋጅቻለሁ» ብላ ስትጽፍልኝ «ዓርብ ከስግደት በኋላ ገበያው ዳር ያለው ሻይ ቤት እንገናኝ» ብዬ መለስኩላት። ሞኝ ብሆንም ቀጠሮ አክባሪ ነኝ።

ሐሙስ

ለቃለ መጠይቁ አውበሬ ከተማ ስንደርስ ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተቀምጠው ይጠብቁናል። «እንዴት ያለ አቀባበል ነው!» አልኩት አብዲራህማንን። ከመሃላቸው ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ስልክ ወደ እኔ ዘረጉ። ማስታወቂያዬ ነው።

«ይህን የጻፈችው ይህች ናት?» አሉ በአብዲራህማን በኩል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ በኩራት።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የአብዲራህማን ፊት አመድ መሰለ። ለካ ተይዘናል! «ተህሪብ» ነው የሚሉት፣ በባሕርና በበረሃ ልጆች የሚጠፉበትን ስደት፤ የተህሪብ ደላላ በቴሌግራም መጥታለች ብለው፣ በእጃቸው ሊያስገቡን ተስማምተው ነበር የሚጠብቁን። የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ አወጣሁ። «ማኅተም ደላላም አለው» አሉ።

ያኔ አብዲራህማን ዘጠኙን ምልክቶቼን ከቦርሳዬ አወጣ። «ደላላ ብትሆን ይህን ትጽፋለች?» ሊል ነው። ሽማግሌው «እስቲ አንብበው» አሉት። እሱ ያነባል፣ እሳቸው ከማስታወቂያዬ ጋር ያመሳክራሉ። «ወጪ እንሸፍናለን ይላል?» «ይላል።» «ትምህርት አይጠየቅም?» «አይጠየቅም ይላል።» «ምስጢር?» «አለ።» «ቦታው ውስን ነው፣ ፍጠኑ?» «አለ።» «በውስጥ መስመር?» «እሱም አለ።» እኔ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዘጠኙ ሰባቱ ተገኙብኝ።

ሽማግሌው ስልኩን አስቀምጠው ጺማቸውን ዳበሱ። «ሁለት ብቻ ነው የቀረሽ። አይዞሽ፣ ልምድ ስታገኚ ትሞይዋለሽ» አሉ።

አብዲራህማን ተርጉሞ ሳይጨርስ በሳቅ ተደፋ፤ ከዚያ ግራር ሥር ያለው ሰው ሁሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ! ማስታወቂያውን እዚያው እፊታቸው አስጠፋሁት። ምሳ ካልበላችሁ አትሄዱም አሉን፤ ፓስታ በሙዝ ቀረበ። አዎ፣ በሙዝ፤ ፓስታውን ትጎርሳለህ፣ ሙዙን ትገምጣለህ። እናቴ ብትሰማ ሐኪም ትጠራልኛለች። እኔ ግን ደገምኩ። ከሳቁ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ በስልክ የተወሰዱትን የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ። ሽማግሌው የሁለት ልጆች ስም ጠሩና ሦስተኛው ላይ ዝም አሉ። 

ዓርብ

ወደ ቶጎጫሌ ሜዳው ሰፊ ነው። የኛ ሜዳ ገብስ አለበት፣ አጥር አለበት፣ የእገሌ ነው። የዚህኛው ወሰኑ ሰማይ ብቻ ነው። ከተማዋ ጠረፍ ላይ ናት፤ ከባድ መኪና፣ ሚኒባስ፣ ሩዝና ጨርቅ የተጫነበት ጋሪ። የሆቴላችን ቧንቧ አየር ብቻ ነበር የሚሰጠው። ባለቤቱ ሰው ልኮ ጀሪካን ውሃ ከጎረቤት አስመጣልኝና «ለእግርሽ ሞቅ አደረግነው» አለኝ። የብርዳም አገር ሰው መሆኔን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው።

ከስግደት በኋላ ሻይ ቤቱ ተቀመጥን። አንዲት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ልጅ ቦርሳ ይዛ መጣች። የእጅ ቦርሳ አይደለም፤ የመንገድ ሻንጣ፣ ዚፑ የተወጠረ። አማርኛዋ የጠራ ነው።

«ሆዳን ነኝ። መኪናው የት ነው?» አለች።

 እኛ ደላላ አለመሆናችንን፣ ማስታወቂያውም ስሕተት መሆኑን አስረዳኋት። ይቅርታ ጠየቅኋት። ፊቷ ወደቀ፤ ግን ያዘነችው እንደፈራሁት አልነበረም።

«እንግዲያው ያኛው ሰውዬ ነው እውነተኛው» አለች። «እሱ እሁድ ነው ያለኝ። እናንተ ቀድማችሁት መስሎኝ ነው።»

ስልኳን አሳየችኝ። ሰህራ የምትባል የሐርተሼክ ከተማ ልጅ፣ አብራት የተማረች ጓደኛዋ፣ ባለፈው ዓመት በተህሪብ ሄዳለች። ገጿ ላይ ባሕር አለ፣ ፎቅ አለ፣ መነጽር አለ። «ነይ፣ እየጠበቅሁሽ ነው። ሰውዬው ያመጣሻል። ስትደርሺ ነው የምትከፍዪው» ይላል። እሁድ ጠዋት መኪና ከዚህ ይነሳል። ዘጠኙም ምልክት እፊቴ ተደርድሯል! እኔ ግን ምን ላድርግ? የጥናቱ ደንብ «አጥኚ በተጠያቂ ውሳኔ ጣልቃ አይገባም፤ የመረጃ ወረቀት ይሰጣል» ይላል። ወረቀቱን ሰጠኋት። አጣጥፋ ሻንጣዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ለመንገዱ። ፈራሁ። 

ይህን ጊዜ አንዲት ረጅም ሴት በሩ ላይ ቆሙ። የሆዳን አክስት፣ የአባቷ እህት ናቸው። በሶማልኛ የአባት እህት ኤዶ ትባላለች፤ ከተማው ሁሉ ኤዶ ሐሊማ ነው የሚላቸው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ሆዳንን ከልጅነቷ ያሳደጉ። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አጥተው ነው ተከትለዋት የመጡት። አሁን ይጮሃሉ፣ ይማታሉ ብዬ ስጠብቅ ሻይ አዘዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የገበያ አማርኛ አላቸው፤ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የሚሉት።

«ወረን? አንተ ከየት መጣህ?» አሉኝ።

«ከደብረ ብርሃን። ደህና ነው» አልኩ።

ጠበቁ። ሌላ ነገር ሲያጡ «ደህና ወሬ አይደለም» አሉ። የእትዬ ፀሐይ ምክር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሰማንያ ሰባቱን ጥያቄ ከጠረጴዛው አንስቼ ሥሬ አደረግኋቸውና ከሰኞ ጀመርኩ። ጋቢውን፣ ጭሮን፣ መስኮቱን፣ የብርድ ልብሷን ልጅ። ሆዳን አኩርፋ ነው የምትተረጉመው። አውበሬ ስደርስ፣ ሰባቱ ምልክት ላይ፣ ሆዳን መተርጎም አቃታት፤ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። ኤዶ ሐሊማ አልሳቁም። «ዝናብስ?» አሉ። «አላየሁም» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ባለው ስልክ የሰህራን ገጽ አዩና ወደ ሆዳን ዞረው በሶማልኛ ተናገሩ። አብዲራህማን በጆሮዬ ተረጎመልኝ፦ «ይህች የማላውቃት ሴት የት እንዳደረች ነገረችኝ። ሰህራ ቤቴ በልታለች፣ ፀጉሯን ሠርቻታለሁ። መንገዷን ትንገረኝ፤ በድምጿ። ከነገረችኝ ሻንጣሽን ራሴ ተሸክሜ መኪናው ድረስ እወስደዋለሁ። ወላሂ።»

ሆዳን ዓይኗ በራ። የድምፅ መልእክት ላከች። ኤዶ ሐሊማ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ራሳቸው ጠየቁ፤ የመጀመሪያ ቀን የት አደርሽ? ማን ውሃ ሰጠሽ? ምን በላሽ? መልስ በጽሑፍ መጣ፦ «ሁሉም ጥሩ ነው። ፍጠኚ።» «በድምፅ» አሉ ኤዶ። «ኔትወርክ የለም» አለ ጽሑፉ። ሆዳን ደወለች፤ ተዘጋ። ደግማ ደወለች፤ ተዘጋ። በመጨረሻ የወንድ ድምፅ መጣ፤ ንግግሩ ቁጡ ነው። «ሴትዮዋ ምን አገባት? እሁድ ካልመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።»

 ኤዶ ሐሊማ ሻያቸውን ጨረሱ። «ወሬ የሌለው መንገደኛ የለም» አሉ። ሆዳን ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ስለራሷ መንገድ አንድም ቃል አልወጣትም፤ የጠየቀችው «ሰህራስ ታዲያ የት ናት?» ብላ ነው።

ቅዳሜ

እኔ በመንግሥት በጀት፣ በታብሌት፣ በዝርዝር የምፈልገውን ኤዶ ሐሊማ ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፈለጉት። ከጠረፉ ወዲያ የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ፣ ጨርቅ የምታራግፈውን ነጋዴ ሁሉ «ወረን?» ይሉታል። ተቀምጦ ይናገራል። ዝናቡን፣ ከብቱን፣ የሞተውን፣ ያገባውን። እሳቸውም በመሃል «ስትስቅ አፏን የምትሸፍን የሐርተሼክ ልጅ አላየህም?» ብለው ጣል ያደርጋሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጨርቅ አጣጥፋለሁ። የሆዳን ሻንጣ እግሯ ሥር ነው።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ከጠረፉ ማዶ ካለችው ከቦራማ ከተማ የመጣች ነጋዴ ጭነቷን ሳታራግፍ «ዳቦ ቤት የምትሠራዋን ነው?» አለች።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ስልክ ተገኘ። ኤዶ ሐሊማ ደውለው «የምትስቀዋን ልጅ ስጪኝ» አሉ። የወጣት ድምፅ «ሄሎ» ሲል ሆዳን ከመቀመጫዋ ተነስታ ቆመች። ኤዶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ወረን?»

 ልጅቱ መንገዷን ጀመረች። ከዚሁ ከቶጎጫሌ፣ ሀርጌሳ፣ ከዚያ የወደቧ ከተማ ቦሳሶ። ባሕሩ ዳር ጀልባውንና የተጨናነቀውን ሰው ስታይ ሸሸች። ስልኳ በሰውዬው እጅ ቀረ፤ ገጿም አብሮ። ዓሣ የምትጠብስ ሴት ደብቃ አሳደረቻት፤ ሩዝ አበላቻት። በጭነት መኪና እየተለመነላት እስከ ቦራማ መጣች። እናቷ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ አውሮፓ ናት» ብላ መናገሯን ሰምታ፣ ባዶ እጇን መግባት አፈረች። አብዲራህማን እየተረጎመ አፍንጫውን ይጠርጋል። ሆዳን ስልኩን ነጥቃ «አንቺ ደደብ! አንቺ ደደብ!» እያለች አለቀሰች፤ ከወዲያ ደግሞ ሳቅ ተሰማ፣ የታፈነ ሳቅ፣ አፍ የተሸፈነበት። እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ጌታቸው «ንፋሱ ነው» አሉ ዓይናቸውን እያሹ፤ ሱቅ ውስጥ ነበርን እኮ።

ኤዶ ሐሊማ ግን አልጨረሱም። «ዝናብስ?» አሉ በስልኩ።

እሁድ

ያ መኪና በሚነሳበት ጠዋት ሆዳን ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ገባች። በእኛ መኪና፣ ወደ ሐርተሼክ! ልብሱ ወጥቶ ለሰህራ እናት የተላከ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ጨርቅ ሞልቶበታል። ኤዶ ሐሊማ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «ወሬውን አንተ ስጥ። ከሩቅ የመጣ ሰው ነህ» አሉኝ። እስከዛሬ ከተሰጠኝ አደራ ሁሉ ይልቅ ከበደኝ።

በሜዳው ጥርጊያ መንገድ፣ በአቧራ ተለውሰን ሐርተሼክ ደረስን። የሰህራ እናት ፋጡማ ቤታቸው ተቀብለው ውሃ ሰጡን፤ ገና ሳንጠጣ ስልካቸውን አወጡ። ባሕሩን፣ ፎቁን፣ መነጽሩን አሳዩን። «ልጄ» አሉ። ሆዳን አንገቷን ደፋች። እሳቸውም ልማዱን አልረሱም፦ «ወረን?» አሉኝ።

ከሰኞ ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ወሬ ከመሃል አይጀመርም። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙ፤ ጎማው ላይ ሳቁ፣ አውበሬ ላይ ጉልበታቸውን መቱ። ዓርብን ተናገርኩ። ያን የወንድ ድምፅ ስናገር ስልኩን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ቅዳሜ ላይ ስደርስ «ልጅዎ ቦራማ ናት። ትናንት ድምጿን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስትስቅም ሰምቻለሁ» አልኩ። ሆዳን ተረጎመች።

ሴትዮዋ ፎቁን አልጠየቁም፣ ጎረቤትን አልጠየቁም። «ምን ትበላለች?» አሉ።

«ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ትኩስ ዳቦ ትበላለች።»

«ዳቦ» አሉ። ደግመው «ዳቦ» አሉና መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ከዚያ ተነስተው ያን ሁሉ ባሕርና ፎቅ ከስልካቸው አጠፉት። ሥጋ እንደማንበላላቸው ስለሚያውቁ ሩዝ በእንቁላል ሠሩልን፤ ሙዙ አልቀረም። ጋሽ ጌታቸው ሙዙን ሳይጠየቁ በሩዙ መሃል ቆረጡት።

ጅግጅጋ እትዬ ፀሐይ ዘንድ አድረን ተመለስን። የመመለሻውን መንገድ አላስረዝምባችሁም፤ ሹራቤን በተቃራኒው ተርታ እየለበስኩ መጣሁ።

ሪፖርቱን ለመሥሪያ ቤቱ አስገባሁ። ዘጠኙ ምልክቶች አሥር ሆነዋል። አሥረኛው «መንገዱን በተርታ አይናገርም» የሚል ነው። አንድ ገምጋሚ «ምንጩ ይጠቀስ» ብሎ ጻፈበት። «ኤዶ ሐሊማ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቶጎጫሌ» ብዬ ጠቀስኩ።

ይህን ጽሑፍ ጀምሬ ሳለሁ፣ በሚያዝያ፣ ከሆዳን ረጅም የድምፅ መልእክት መጣ። በመጀመሪያ በአማርኛ፦ «መምህር፣ ዘነበ! ኤዶ ስለ መመለሻሽ መንገድ ወሬ አልሰጠሽም ብላ ተቆጥታለች። አሁን ግን ዝም ብለሽ ስሚ፤ ሐርተሼክ ነን።» ከዚያ የቤት ድምፅ፣ ብርጭቆ፣ ብዙ ሴቶች። የሰህራ እናት «ወረን?» አሉ። ያ በስልክ የሰማሁት የሰህራ ድምፅ ጀመረ።

ሶማልኛ አልችልም። ቦታዎቹን ብቻ ነው የምለየው፤ ግን አንዲትም ደቂቃ አልዘለልኩም። እናቴ ጥጥ እየፈለቀቀች አጠገቤ ተቀምጣለች።

«ምን እያለች ነው?» አለችኝ።

«ቦሳሶ ናት።»

ቆየት ብላ፣ «አሁንስ?»

«ሀርጌሳን አልፋለች፣ እማዬ። ቦራማ እየመጣች ነው።»

እናቴ ጥጡን አስቀምጣ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ድምፁ ቀጠለ፣ ቀጠለ፤ ሐርተሼክ አለ፤ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እልል አሉ።

«ገባች?» አለች እናቴ።

«ገባች፣ እማዬ።»